ፍልሰትና ከሳንባ ውጭ ያለ ቲቢ፦ በድሬዳዋና ሐረር የጋራ ፕሮፖዛል ላይ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ «በፍልሰተኞች ዘንድ ከሳንባ ውጭ ያለው ቲቢ ድርሻ ይበዛል» ብሎ ይነሳል። ድርሻ ብቻውን ግን ያሳስታል። እንግሊዝ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ በርካታ አገሮች ላይ የረጅም ጊዜ ቪዛ ጠያቂውን ሳይነሳ በደረት ራጅ ታጣራለች። የሳንባው እዚያው ይያዛል፣ የአንገት ንፍፊቱ (የአንገት ዕጢ ቲቢ) ራጁ ላይ ስለማይታይ ያልፋል። በረሃ አቋርጦ ጂቡቲ የገባ ሰው በዚህ ወንፊት አላለፈም። ስለዚህ የሳንባውንም የሌላውንም ቁጥር ለየብቻ እንያዝ፤ መቶኛው ኋላ ይደርሳል።

ሲስተር (ቲቢ ክሊኒክ፣ ድሬዳዋ)፦ አንድ ገጽ ቅጽ ይበቃል፦ የት ተወለደ፣ መቼ ወጣ፣ የት ስንት ወር ቆየ፣ እብጠቱ መቼ ታየ። ቀን የሚያስታውስ ስለሌለ «ከረመዳን በፊት ነው በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ። እስር ቤት ገብቶ እንደሆነ መጨረሻ ላይ ይምጣ። «በሕጋዊ መንገድ ነው የሄድከው?» የሚለው ግን ይሰረዝ፤ ሰውዬው ሁለተኛ አይመለስም።

ላብራቶሪ፦ የንፍፊቱ ናሙና በ22 ጌጅ (ቀጭን) መርፌና በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይሳብ። አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ፣ የቀረው በ1 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ሳላይን (የጨው ውኃ) ታጥቦ ቱቦ ውስጥ። ፎርማሊን የነካው ለካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ ለማየት) አይሆንም፣ ባክቴሪያው ይሞታል። ለጂንኤክስፐርት (የቲቢን ዘረመል ለሚፈልገው ማሽን) የናሙናውን እጥፍ ሪኤጀንት (የማዘጋጃ ፈሳሽ) ጨምሮ፣ ነቅንቆ፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ 2 ሚሊ ሊትር ካርትሪጁ (ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ዕቃ) ውስጥ መክተት ነው። ካርትሪጁ ከ28 ዲግሪ በላይ አይቀመጥም፤ ሐረር ግድ የለም፣ የድሬ ሰኔ ግን ያለ ኤሲ አይሞከርም። በጀቱ ላይ ኤሲ አላየሁም!

ሰብሳቢ፦ የከብት ቲቢ በጥሬ ወተት ይተላለፋልና፣ ጥሬ ወተትስ?

ላብራቶሪ፦ ቅጹ ላይ ይጠየቅ፣ መላምት ግን አይሁን። እዚህ አገር ከንፍፊት የሚወጣው በአብዛኛው የሰው ቲቢ ነው። ጂንኤክስፐርት ደግሞ የከብቱን ከሰው አይለይም፤ ለዚያ ካልቸርና ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

ዶክተር (ሐረር)፦ ክትትሉ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የንፍፊቱ ሕክምና 6 ወር፣ የአጥንትና የአንጎል ሽፋን 12 ወር ነው። ተጓዥ የሚጠፋብን ረጅሙ ላይ ነው። ንፍፊቱ በመድኃኒት መሃል ሊያብጥ፣ አዲስም ሊወጣ ይችላል፤ የሰውነት ምላሽ ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር «አልሠራም» ተብሎ እንዳይመዘገብ። ዝውውር ወጣ የተባለውም ተቀባዩ ጣቢያ በስልክ ካላረጋገጠ «ጠፋ» ይባል።

ሰብሳቢ፦ ተስማምተናል። ሲስተር፣ ቅጹን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ እስከ ሐሙስ ያድርሱልን። ኤሲውን እኔ በጀቱ ላይ አስገባለሁ።