ሃይጂያን በትንሽ ቴሌስኮፕ ማግኘት አቃተኝ

አዲስ ሰማይ፦ ሰላም ናችሁ? ሃይጂያ የምትባለውን አስትሮይድ (ፀሐይን የምትዞር ትልቅ ዓለት) ስፈልግ ሦስት ሌሊት አደርኩ። ቴሌስኮፔ ሌንሱ 80 ሚሊሜትር ነው። ስቴላሪየም የሚባለው የሰማይ ካርታ ፕሮግራም የሚያሳየኝ ቦታ ላይ አነጣጥራለሁ፤ የማየው ግን ኮከብ ብቻ ነው። 430 ኪሎሜትር ገደማ ስፋት ያላት ነገር እንዴት ክብ ሆና አትታይም? ማጉላት የምችለውን ያህል አጉልቻለሁ።

የሌሊት ወፍ፦ ወንድሜ፣ አትልፋ። ክብ ሆና አትታይህም። ሃይጂያ ያለችው በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው በዋናው የአስትሮይድ ቀበቶ ውጫዊ ክፍል ነው። ከፀሐይ በአማካይ ምድር ከምትርቀው 3.14 እጥፍ ትርቃለች። ቀረበች በምትባልበት ጊዜ እንኳ በመካከላችን ወደ 300 ሚሊዮን ኪሎሜትር አለ። ሰማይ ላይ የሚታይህን የጨረቃን ስፋት 6,000 ቦታ ብትከፍለው፣ ከአንዱ ቁራጭ ብዙም አትበልጥም። ክብ መሆኗ በደንብ የታየው እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆኑ ምስሎች ነው፤ ያነሳቸውም ቺሊ ያለው ግዙፉ ቪኤልቲ ቴሌስኮፕ ነው። አስትሮይድ ማለት ራሱ «ኮከብ መሳይ» ማለት እኮ ነው! ስለዚህ ክብ ነገር ሳይሆን ቦታዋን የምትቀይር ነጥብ ፈልግ።

አዲስ ሰማይ፦ አመሰግናለሁ። ለነገሩ ወንድም ሳልሆን እህት ነኝ 😀 ታዲያ መንቀሳቀሷን እንዴት ልወቅ? አንድ ሰዓት ሙሉ አፍጥጬባት ንቅንቅ አላለችም።

ባለ እርሳሱ፦ በአንድ ሰዓት ምንም አታይም እህቴ። ሰማይ ላይ ከፀሐይ ተቃራኒ አቅጣጫ ስትሆን፣ በቀን የምትጓዘው የጨረቃን ስፋት ግማሽ እንኳ አይሞላም። በዝቅተኛ ማጉያ የምታዪውን ሁሉ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ሳዪው። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ድገሚው። ቦታዋን የለቀቀችው እሷ ናት። አኒባሌ ዴ ጋስፓሪስም እ.ኤ.አ. በ1849 ኔፕልስ ላይ ሲያገኛት ፎቶ አልነበረውም፤ በዓይኑ ነው የለያት።

ቆጣሪው፦ ከመሳልሽ በፊት ሁለት ነገር አጣሪ። አንደኛ፣ ስቴላሪየም ውስጥ የአስትሮይዶች ምህዋር መረጃ ካረጀ የሚያሳይሽ ቦታ ሊሳሳት ይችላል። አድሺው፣ ወይም ሆራይዘንስ የሚባለውን የናሳ የቦታ ማስሊያ ድረ ገጽ አይተሽ አመሳክሪ። ሁለተኛ፣ ድምቀቷ ብዙ ጊዜ 10ኛ ማግኒቲዩድ አካባቢ ነው (ማግኒቲዩድ የድምቀት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድምቀቱ ይቀንሳል)። ገጽታዋ እንደ ከሰል የጠቆረ ስለሆነ ለግዙፍነቷ ደብዛዛ ናት። 80 ሚሊሜትር ያሳይሻል፣ ግን ሰማዩ ጨለማ ከሆነ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን በቃ ተኚ።

የሌሊት ወፍ፦ ይቅርታ እህቴ 🙏 አንድ ነገር ልጨምር፤ የዓይን ሌንሱ የሚገባበት ጉልበት መሳይ መስተዋት አለ አይደል? እሱ ግራና ቀኙን ይገለብጠዋል። ካርታውን በስቴላሪየም ገልብጪው፤ ያለበለዚያ በጭራሽ አይገጥምልሽም። እኔን አንድ ወር አንከራትቶኛል።

አዲስ ሰማይ፦ ተገኘች!!! ችግሩ መስተዋቱ ነበር። ካርታውን ገለበጥኩት፣ ሁለት ሌሊት ሳልኩ፣ አንዷ ነጥብ ከቦታዋ የለችም። የሚገርማችሁ፣ በመጀመሪያው ስዕል ላይ አጠገቧ «ይቺ እንኳን አይደለችም» ብዬ ጽፌባት ነበር።