ሩፍ ሞዲፋይ የተደረገ ፖርሸ ነው ወይስ ራሱን የቻለ መኪና?

ማርሽ_ሦስት፦
ሰላም የመኪና ሰዎች። ትናንት ከጓደኛዬ ጋር ስንጨቃጨቅ አመሸን። እሱ «ሩፍ ማለት የፖርሸን ሞተር ሞዲፋይ የሚያደርግ ጋራዥ ነው፣ አለቀ» ይላል። እኔ ደግሞ ራሱን የቻለ አምራች ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ግን ማስረዳት አቃተኝ። ፎቶውን ሳየው ያው 911 የሚባለው ፖርሸ ነው፣ ምን ብዬ ልከራከር? ታሪኩን ከሥሩ የሚያውቅ ካለ እስቲ ያጫውተኝ።

አሮጌ_ካምቢዮ፦
ጓደኛህ ግማሹን ይዟል። ነገሩ የጀመረው በጋራዥ ነው። ጀርመን ውስጥ፣ ባቫሪያ፣ ፋፈንሃውዘን የምትባል ትንሽ ቦታ ላይ በ1939 አሎይስ ሩፍ የሚባሉ ሰው ከፈቱት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የፈጣን መኪና ወሬ ያኔ የለም። እንዲያውም ሰውዬው በ1955 ራሳቸው ነድፈው የሠሩት አውቶቡስ ነበር፣ ያውም የቱሪስት አውቶቡስ!

ፖርሸ የመጣው በአጋጣሚ ነው። በ1963 አባትየው አውቶቡሳቸውን እየነዱ ሳለ አንድ ፖርሸ 356 ቀድሟቸው ያልፍና ትንሽ እንደሄደ ይገለበጣል። ሹፌሩን ረዱት፣ በኋላም መኪናውን ገዝተው ጠገኑት። ልጃቸው (የእሱም ስም አሎይስ ነው) የፖርሸ ፍቅር የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1974 አባትየው ሲሞቱ ጋራዡን ተረከበ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የልጁ ነው።

ቱርቦ_ናፋቂ፦
ለጓደኛህ የምትሰጠው መልስ 1981 ነው። በዚያ ዓመት የጀርመን የተሽከርካሪ ባለሥልጣን ሩፍን በአምራችነት አወቀው። ከፖርሸ ባዶውን ቦዲ ይወስዳሉ፣ ማለትም ሞተር የለው፣ ወንበር የለው፣ ምንም ያልተገጠመለት፤ ከዚያ በራሳቸው ሞተር፣ በራሳቸው ፍሬንና እግር (ሞላና አሞርዛተር) ይሞሉትና የራሳቸውን ሻንሲ ቁጥር ይመቱበታል። ቁጥሩ በW09 ይጀምራል። የፖርሸ ግን WP0 ነው። ሊብሬው ላይ የሚጻፈውም ሩፍ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ካምቢዮው ነው። በ1983 ያወጡት ቢቲአር የሚባል መኪና 3.4 ሊትር፣ 374 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ እሱ እሺ፣ ጉልበት መጨመር ብዙ ሰው ይችላል። ግን የፖርሸ 911 ቱርቦ እስከ 1989 ድረስ ባለ አራት ማርሽ ነበር፣ ሩፍ ደግሞ አምስት ማርሽ አስገባለት። የድሮ ቱርቦ የነዳ ያውቀዋል፤ ማርሾቹ ሲራራቁ በቀየርክ ቁጥር የሞተሩ ዙር ይወርድና ቱርቦው (ለሞተሩ አየር እየገፋ ጉልበት የሚጨምረው) ይተኛል፣ እስኪነቃ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ድንገት ከኋላ እንደ በቅሎ ይራገጣል። ማርሾቹ ሲቀራረቡ ግን ለመተኛት ጊዜ አያገኝም። ይህ የጋራዥ ሥራ ነው ትላለህ?

እና ደግሞ ሲቲአር የምትባለው መኪናቸው። 1987። ቢጫ ስለነበረች የአሜሪካኖቹ የሮድ ኤንድ ትራክ መጽሔት ሰዎች «የሎውበርድ» አሏት፣ ስሙ በዚያው ቀረ። ሰፊውን የቱርቦ ቦዲ ትተው ጠባቡን የ911 ካሬራ ቦዲ ወሰዱ፣ ምክንያቱም ጠባብ ነገር ነፋስ በቀላሉ ይሰነጥቃል። በሮቹን አሉሚኒየም አደረጉ። ጣሪያው ዳር ያለውን የዝናብ ማውረጃ ጠርዝ ሳይቀር ፍቀው አስተካከሉት። ክብደቷ 1,150 ኪሎ፣ ጉልበቷ በይፋ 469 ፈረስ። መጽሔቱ ኤራ ሌሲን በሚባለው የፎልክስዋገን መሞከሪያ መንገድ ላይ ሲፈትናት በሰዓት 339 ኪሎ ሜትር ገባች። በማግስቱ ዓመት ጣሊያን ናርዶ የሚባል መሞከሪያ መንገድ ላይ 342። ፖርሸ ራሱ በዚያን ጊዜ 959 የሚባል፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ በኤሌክትሮኒክስ የታጨቀ መኪና ነበረው፤ የሱ 317 ነው። እናት ድርጅቱን በገዛ ቦዲው አስናቁት ማለት ነው።

ባዶ_ቦዲ፦
ቱርቦ፣ እንዳንተ ሩፍን እወዳለሁ ግን ትንሽ አጋነንክ። አጥንቱ የማን ነው? የፖርሸ። ሻንሲ ቁጥር ስለተመታበት አጥንቱ አይቀየርም። ደግሞ አንድ ነገር ዘለልክ፤ ሩፍ የሚባል ሁሉ W09 አይደለም። ደንበኛው የራሱን 911 ይዞ ሄዶ «ሩፍ አድርጉልኝ» ካለ መኪናው የፖርሸ ቁጥሩን እንደያዘ ነው የሚቀረው። ከባዶ ቦዲ የተሠሩት ሲቲአሮች ሠላሳ ገደማ ብቻ ናቸው፣ ለዚህ ነው ገዢዎች መጀመሪያ ቁጥሩን የሚያዩት።

ለእኔ ሩፍ በእውነት ከፖርሸ ጥላ የወጣው በኋላ ነው። በ2007 ሲቲአር 3ን ሲያወጡ ሞተሩን ወደ መሃል አመጡት፣ እሱን እንኳ 911 ነው ማለት ይከብዳል። በ2017 ደግሞ ጄኔቫ ላይ አዲሱን ሲቲአር አሳዩ። ለዓይን የድሮዋ ቢጫ ናት፣ ከሥር ግን ራሳቸው ያሠሩት የካርቦን ፋይበር አካል ነው፣ 710 ፈረስ። ሠላሳ ዓመት ፈጀባቸው!

አሮጌ_ካምቢዮ፦
ባዶ ቦዲ ስለ ቁጥሩ ያልከው ልክ ነው፣ አጥንት ያልከው ላይ ግን አልስማማም። ሰው የሚነዳው አጥንት ነው እንዴ? የሩፍ የሙከራ ሹፌር የነበረው ስቴፋን ሮዘር ኑርበርግሪንግ በሚባለው የጀርመን የውድድር መንገድ ላይ የሎውበርድን የነዳበትን ቪዲዮ ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩ። በየኩርባው ኋላዋን እየጣለች ነው የምትሄደው፣ ምንም የሚረዳው ኤሌክትሮኒክስ የለም፣ እጁና እግሩ ብቻ። ደግሞ እግሩ ላይ ያደረገው ለሽርሽር የሚሆን ጫማ ነው። እኔ ሰባት ስምንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አሁንም እጄን ያልበኛል።

ማርሽ_ሦስት፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሁሉንም ኮፒ አድርጌ ለጓደኛዬ ላክሁለት። የመለሰልኝ፦ «እሺ፣ ግን 911 ነው የሚመስለው።»

ቱርቦ_ናፋቂ፦
ሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንስተህ ላክለት።