ክርክር፦ ሰው ገድሎ የታሰረ ፍርደኛ በአመክሮ ከመፈታቱ በፊት በነጥብ ይለካ?

አወያይ፦
በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 መሠረት ፍርደኛ ከእስራቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ እድሜ ልክ ከተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት ሲጨርስ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ጊዜውን መጨረስ ብቻውን አይበቃም። ጠባዩ መሻሻሉ፣ ያደረሰውን ጉዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን መካሱ፣ ሲወጣም በመልካም ጠባይ እንደሚኖር የሚያሳምን ነገር መኖሩ ይታያል። የዛሬው ጥያቄ የመጨረሻው ላይ ነው፤ "ይኖራል" የሚለውን በምን እናውቃለን? ካናዳን የመሰሉ አገሮች ነጥብ የሚሰጡ መመዘኛዎች አሏቸው። እናምጣቸው ወይስ ይቅሩብን? ስድብ የለም። "ሰው በቁጥር አይለካም" ብሎ መሄድም የለም፣ ማስረዳት ነው።

ስሌት፦
ይምጣ ባይ ነኝ። አሁንም እኮ መመዘኛ አለ፤ ያለው ግን በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ ነው። "ጠባዩ መልካም ነው" ተብሎ ይጻፋል፤ መልካም የሚባለው ቆጠራ ስላላስተጓጎለ፣ ከእስረኛ ጋር ስላልተደባደበ፣ እንጨት ሥራ ስለተማረ ነው። ግቢው ውስጥ አረቄ የለም፣ ገጀራ የለም፣ ድንበር የሚገፋ ጎረቤት የለም። እነዚህ በሌሉበት የታየ ጠባይ ስለ ውጭው ኑሮ የሚናገረው ትንሽ ነው።

የባለሙያ ግምትም ያለ መመዘኛ ሲሆን ታሪኩ አያምርም። ቴክሳስ ውስጥ በቶማስ ቤርፉት ጉዳይ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች ሰውየውን አንድ ቀን እንኳ ሳያነጋግሩት ወደፊትም አደገኛ እንደሚሆን መሰከሩ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ራሱ እንዲህ ያለ የረጅም ጊዜ ትንቢት ከሦስቱ ሁለቱ ስህተት ነው ብሎ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጻፈ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ምስክርነቱን ተቀበለው፣ በማግስቱ ዓመት የሞት ቅጣቱ ተፈጸመ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1966 ባክስትሮም በተባለ ሰው ጉዳይ በተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ ምክንያት ኒውዮርክ ውስጥ "አደገኛ" ተብለው የተያዙ ከ900 በላይ ሰዎች ወደ ተራ ሆስፒታል ተዛውረው፣ አብዛኞቹ ማንንም ሳይጎዱ ቀሩ። ግምት እንዲህ ነው የሚሳሳተው፤ ሲሳሳት ደግሞ የት ላይ እንደሳተ የሚታይበት ወረቀት የለውም።

ብርሃን (ቶሮንቶ)፦
ስሌት፣ በሆድ ስለሚሰጥ ግምት ያልከው ትክክል ነው። "ይምጣ" ከማለታችን በፊት ግን የሚመጣውን ነገር ገልጠን እንየው።

ከካናዳዎቹ አንዱ ቨራግ ይባላል፤ ሰው የኃይል ወንጀል የመድገም ስጋቱን በነጥብ ይለካል። የተሠራው ኦንታሪዮ ውስጥ፣ ጥብቅ ጥበቃ ባለው የአእምሮ ሆስፒታል ባለፉ 618 ወንዶች መዝገብ ላይ ነው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። 12 ጥያቄ አለው፣ ድምሩ ከ26 ሲቀነስ እስከ 38 ሲደመር ይደርሳል፣ በ9 እርከን ተከፋፍሏል። አንድ የፈጠርኩትን ሰው ልሙላበት። የ24 ዓመት ወጣት በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ጎረቤቱን በዱላ መትቶ ገደለ። ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ አያቱ ዘንድ ነው ያደገው፤ እናት አባቱ በሕይወት አሉ። ትምህርት ቤት አላስቸገረም፣ አይጠጣም፣ ሚስት አላገባም፣ ሌላ ክስ የለበትም።

ከሁለቱም ወላጆቹ ጋር እስከ 16 ዓመቱ አለመኖር 3 ሲደመር። ትምህርት ቤት አለማስቸገር 1 ሲቀነስ፣ አለመጠጣት 1 ሲቀነስ። አለማግባት 1 ሲደመር። ከዚህ በፊት ያለ ኃይል የተፈጸመ ወንጀል አለመኖር 2 ሲቀነስ። በአመክሮ ወጥቶ አለማጥፋት 0። ወንጀሉን ሲፈጽም 26 ወይም ከዚያ በታች መሆን 2 ሲደመር። ተጎጂው መሞቱ 2 ሲቀነስ። ከተጎጂዎቹ ሴት አለመኖሯ 1 ሲደመር። የስብዕና መታወክ አለመኖር 2 ሲቀነስ፣ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም አለመኖር 1 ሲደመር። የሳይኮፓቲ፣ ማለትም ርኅራኄና ጸጸት የማጣት ጠባይ፣ መለኪያው ከ40 ላይ 8 ቢሆን 3 ሲቀነስ። ድምር 3 ሲቀነስ። አራተኛ እርከን፣ በመመዘኛው ሠንጠረዥ በ7 ዓመት ውስጥ የኃይል ወንጀል የመድገም ዕድሉ 17 በመቶ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ልቀይር። ጎረቤቱ አልሞተም፣ ብልዝ ብቻ ነው የወጣበት እንበል። የተጎጂው ነጥብ ከ2 ሲቀነስ ወደ 2 ሲደመር ይዞራል፣ ድምሩ 1 ሲደመር ይሆናል፣ እርከኑ አምስተኛ፣ 35 በመቶ። ሰው የገደለው 17፣ ያላቆሰለው 35!

ይህ የሒሳብ ስህተት አይደለም። በዚያ ሆስፒታል ገዳዮቹ ከተደባዳቢዎቹ ያነሰ ስለደገሙ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ነጥብ የሚቀንሰውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ንጽጽሩ ከጤነኛ ሰው ጋር ሳይሆን እዚያው ግቢ ካሉ፣ ብዙዎቹ ከባድ የስብዕና ችግር ካለባቸው ወንዶች ጋር ነው። ነጥቡ ስለ ሰውየው የሚናገር ይመስላል እንጂ የሚናገረው ሰውየው ከማን ጋር እንደተሰለፈ ነው።

የሕግ ጥላ፦
እህቴ ብርሃን ሥራዬን ጨረስሽልኝ። አያት ዘንድ ማደግ 3 ሲደመር! ከወላጆቹ ጋር ቢያድግ ስንት ይሆን ነበር?

ብርሃን (ቶሮንቶ)፦
2 ሲቀነስ ነው ጋሼ። ልዩነቱ 5 ነጥብ ነው፣ ድምሩ 8 ሲቀነስ ይሆንና ወደ ሦስተኛ እርከን፣ 12 በመቶ ይወርዳል። አባት ወይም እናት በሞት ቢለዩ ግን አይቀጣበትም፤ የሚቀጣው በሌላ ምክንያት ከተለያየ ነው።

የሕግ ጥላ፦
እንግዲያው ጎጃም ሆነ ወላይታ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ይቅረበው ተብሎ አክስቱ ዘንድ የሚላክበት አገር ላይ ይህ ጥያቄ ፈተና የሚሆነው ለቤተሰቡ አሰፋፈር ነው። ሕጉ ጠባዩን እይ ይላል፤ አንቀጽ 202 ውስጥ "ማን አሳደገው" የሚል የለም። ይህን በይግባኝ ቢያመጡብኝ ለመቃወም ግማሽ ገጽ አይፈጅብኝም።

ነገሩ ካናዳም ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሷል። በኢወርት ጉዳይ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በማረሚያ ቤቱ ላይ የፈረደው ለዚህ ነው፦ ቨራግን ጨምሮ አምስት መመዘኛ በነባር ሕዝቦች ፍርደኞች ላይ ሲጠቀም፣ ለእነሱ በትክክል መሥራታቸውን አላረጋገጠም። እዚያው አገር የተሠራ መሣሪያ እዚያው አገር ለሚኖር ሕዝብ ካልተረጋገጠ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ዝዋይ ሲደርስ ምን ያድነዋል?

ስሌት፦
ጋሼ፣ ሁለት ነገር እየተደባለቀ ነው። መመዘኛ ሰዎችን ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ መደርደር ይችላል፤ "17 በመቶ" የሚለው ቁጥር ግን ሌላ ነገር ነው። ድርደራው አገር ሲቀየር ብዙም ላይበላሽ ይችላል፤ በመቶኛው ግን ወዲያው ይበላሻል። የዘጠነኛውን እርከን "100 በመቶ" እዩት። ከ618ቱ እዚያ እርከን ላይ የነበሩት 9 ሰዎች ናቸው። ከዘጠኝ ሰው የወጣ መቶ በመቶ ለእኔ መቶ በመቶ አይደለም።

ድርደራውም ቢሆን ፍጹም አይደለም። የእነዚህ መመዘኛዎች ጥሩ የሚባለው ውጤት 0.70 እና 0.75 መካከል ነው። ትርጉሙ፦ አንድ የደገመና አንድ ያልደገመ ሰው በዕጣ አውጥተህ ብታነጻጽር፣ ከመቶው 70 ወይም 75 ጊዜ የደገመው ከፍ ያለ ነጥብ ይኖረዋል። ሳንቲም ብትጥል 50 ነው። ይህን ሁሉ አውቄም ከሆድ ግምት ይሻላል እላለሁ።

ቀበና፦
ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ ሆነ እኮ ነገሩ።

ስሌት፦
አይደለም፣ ይመረጣል፤ ለምን እንደሚመረጥ ካወቅህ። የምሳሌ ቁጥር ልስጥ። 1,000 ሰው ይፈታል እንበል፣ 100ዎቹ ይደግማሉ። መመዘኛው ከሚደግሙት 70 በመቶውን፣ ከማይደግሙትም 70 በመቶውን በትክክል ይለያል። "አደገኛ" የሚባሉት ከደጋሚዎቹ 70፣ ከማይደግሙት 900 ውስጥ ደግሞ 270፣ በድምሩ 340 ናቸው። ስለዚህ አደገኛ ከተባሉት አምስት ሰዎች አራቱ ምንም አያደርጉም። "አያሰጋም" ከተባሉት 660 ውስጥ ግን የሚደግሙት 30 ብቻ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 25,000 ሰው የሚጠጋ መረጃ ያሰባሰበ ጥናት ያሳየውም ይህንኑ ዘንበል ማለት ነው፦ ለኃይል ወንጀል አደገኛ ከተባሉት የደገሙት 41 በመቶ፣ አያሰጉም ከተባሉት ያልደገሙት 91 በመቶ። መሣሪያው የሚያምርበት ማን ሊፈታ እንደሚችል ሲነግርህ ነው። ማን ይታሰር ብለህ ከጠየቅኸው ግን ያሳስትሃል። እኔም ይምጣ የምለው በር ለመክፈት ነው።

የሕግ ጥላ፦
ወረቀቱ አንዴ ፋይሉ ውስጥ ከገባ ግን በር ለመዝጋትም ይነበባል። የትኛው ዳኛ ነው "ከፍተኛ" የሚል ማኅተም እያየ ፈትቶ በማግስቱ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ?

ቀበና፦
ሁላችሁም ነጥቡ ከየት እንደሚመጣ ረሳችሁት። ከፋይል ነው የሚመጣው። ፋይሉን እንየው እስቲ።

ዕድሜ፦ በቨራግ ላይ ከ26 በታችና ከ39 በላይ መሆን 7 ነጥብ ያለያያል። በአገር አቀፍ ደረጃ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ የታሰረ አዋቂ ዕድሜው ብዙ ጊዜ በግምት ወይም በሐኪም የአጥንት ምርመራ የተጻፈ ነው። ሐኪሙ የሚጽፈው "ከዚህ እስከዚህ" ብሎ ነው፤ መዝገብ ላይ ሲገለበጥ አንድ ቁጥር ይሆናል።

የቀድሞ ወንጀል፦ አሻራ ካልተነሳ የአባት ስም ሆሄ ሲቀየር ሰውየው አዲስ ሰው ይሆናል። በሽማግሌ ያለቀ ድብደባ ደግሞ ከነጭራሹ አይመዘገብም።

ከሁሉ በላይ የማያልፈኝ ይህ ነው። የመሬት ወይም የደም ጠብ ላይ "ይደግማል ወይ" ለሚለው ትልቁ ምልክት ደም መድረቁ ነው። ሽማግሌ ገብቶ የሟች ቤተሰብ ካሳ ተቀብሎ ታርቋል? ካልታረቀ ሰውየው በወጣ በሳምንቱ ወይ ይገድላል ወይ ይገደላል። ይህ ከ12ቱ ጥያቄ አንዱም ውስጥ የለም፤ ኦንታሪዮ ደም መላሽ አልነበራቸውማ።

ብርሃን (ቶሮንቶ)፦
ቀበና፣ ላንተ ጥያቄ የሚቀርበው ሌላኛው ዓይነት ነው፤ ኤችሲአር-20። ሦስተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። 20 የሚታዩ ነገሮች አሉት፣ 10 ያለፈው ታሪክ፣ 5 የአሁኑ ሁኔታ፣ 5 ሲወጣ የሚገጥመው። ለእያንዳንዱ "አለ"፣ "በከፊል"፣ "የለም" ይባላል፤ ከዚያ ለዚህ ሰው ይህ ነገር ወሳኝ ነው ወይ ተብሎ ለብቻው ይጠየቃል። ድምር የለውም። የሚደምር ሰው መመሪያውን አላነበበም ማለት ነው፤ የሚደምሩ ግን ሞልተዋል።

ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ ነው፤ ለምን እንደገደለ በአንድ አንቀጽ ማስረዳት፣ ከዚያም ትዕይንት መጻፍ። ለምሳሌው ወጣት እንዲህ ይጻፋል፦ "እዚያው ቀበሌ ከተመለሰ፣ ድንበሩ ሳይለካ የእርሻ ወቅት ከገባ፣ የሟች ወንድም በገበያ ቀን ካገኘው።" ከዚያ ማን ምን ያድርግ? መሬቱ ከመፈታቱ በፊት ይለካ፣ እርቁ በጽሑፍ ይያዝ፣ የመጀመሪያው ክረምት ሌላ ዘመድ ዘንድ ይክረም። 17 ይሁን 35 የሚለው ቁጥር ይህን አይነግርህም።

የሚበላሽበትን ልናገር። መጀመሪያ፣ መረጃ ሲጎድል "የለም" ብሎ መሙላት። መረጃ አለመኖርና ችግር አለመኖር ይለያያሉ፤ ያልታወቀው "አልታወቀም" ተብሎ መተው አለበት። ሁለተኛ፣ ፍርደኛውን ብቻ አነጋግሮ መጨረስ። ሦስተኛው የከፋው ነው፦ የቀጣሪ ጫና። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ሙከራ ከመቶ በላይ ባለሙያዎች አንድ ዓይነት ፋይል ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ ለዐቃቤ ሕግ፣ ግማሾቹ ለተከላካይ እንደሚሠሩ ተነገራቸው። ለዐቃቤ ሕግ የሠሩ የመሰላቸው በሳይኮፓቲ መለኪያው ላይ ከፍ አድርገው ሰጡ። ስለዚህ ሞካሪው የማረሚያ ቤቱ ተቀጣሪ ብቻ ከሆነ ጋሼ የሚፈሩት ነገር ይመጣል። ሁለት ሰው ተለያይቶ ይሙላ፣ ልዩነታቸውም ይጻፍ።

የሕግ ጥላ፦
ይኼኛው በንባብም ደስ ይላል፤ ፍርደኛው መልስ ሊሰጥበት ይችላል። "መሬቱ ተለክቷል" ብሎ ካርታ ያቀርባል። ቨራግ ላይ ግን አያቴ አላሳደገችኝም ብሎ ሊከራከር አይችልም፣ በ24 ዓመቴ አላጠፋሁም ማለትም አይችልም። 15 ዓመት ቢማር፣ ቢታረቅ፣ ነጥቡ ንቅንቅ አይልም። የማይነቃነቅ ቁጥር ለአመክሮ አይሆንም፤ አመክሮ የለውጥ ጉዳይ ነው።

ስሌት፦
በዚህ እረታለሁ፣ ቨራግ ይቅር። ኤችሲአር-20 ግን ለአንድ ሰው ቀናት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ለሁሉም አይዳረስም። ስለዚህ በአጭር ነጥብ ማጣራት፣ በረጅሙ ጥቂቱን ማየት የግድ ነው። አጭሩን ደግሞ ከራሳችን መዝገብ እንሥራው፦ ዕድሜ፣ የቀድሞ ጥፋት ብዛት፣ መጠጥ፣ እርቅ። አንድ ፍራቻ አለኝ። ፍሎሪዳ ብሮዋርድ ካውንቲ ላይ የመድገም ስጋትን የሚተነብየው ኮምፓስ የተባለ ፕሮግራም ሲፈተሽ፣ ካልደገሙት ጥቁሮች 44.9 በመቶው፣ ካልደገሙት ነጮች 23.5 በመቶው ከፍ ያለ ስጋት ተብለው ነበር። አምራቹ "ነጥቤ ለሁለቱም እኩል ትርጉም አለው" አለ፤ እሱም እውነቱን ነበር። የሁለት ቡድን የመድገም መጠን ከተለያየ ሁለቱን ፍትሐዊነት አንድ ላይ ማግኘት በሒሳብ አይቻልም። እኛም ክልል ከክልል ስናወዳድር ይኸው ይገጥመናል፤ የቱን እንደምንመርጥ ቀድመን መናገር አለብን።

አሠራሩ፦ የሚፈታ ሁሉ ነጥብ ይሰጠው፣ ነጥቡ በፖስታ ይታሸግ፣ ዳኛ አይየው። ሦስት ዓመት እንከታተል። ቢያንስ 100 የደገሙ ሰዎች እስኪገኙ ድረስ ፖስታው አይከፈት፤ ከዚያ ባነሰ ቁጥር ማረጋገጥ አይቻልም።

የሕግ ጥላ፦
ነጥቡን ያሸግህበት ሰው ወጥቶ ቢገድልስ? የሟች ቤተሰብ ጠበቃ ሆኜ ያን ፖስታ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው የማስከፍተው።

ስሌት፦
ያልተረጋገጠ ቁጥር ነው ጋሼ፤ ቢከፈትም ምንም አይናገርም።

የሕግ ጥላ፦
ዳኛውን አስረዳልኛ።

ቀበና፦
ከፖስታው በፊት አንድ ጥያቄ ይመለስልኝ። "ደገመ" የሚለውን የሚመዘግበው ማነው? ሰውየው ደብረ ማርቆስ ተፈትቶ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ቢደባደብ፣ በሌላ ስም ቢያዝ፣ ወይ በሽማግሌ ቢያልቅ፣ የስሌት ሠንጠረዥ ላይ "አልደገመም" ተብሎ ነው የሚገባው። መጀመሪያ ሲፈታ አሥር ጣቱ አሻራ ተነስቶ ከፖሊስ መዝገብ ጋር ይያያዝ። እሱ ሳይሆን ነጥብ መስጠት ብንጀምር፣ ዝቅተኛ ስጋት የሚወጣላቸው ብዙ የሚንቀሳቀሱት ናቸው።