የዕቅድ ውይይት፦ የእርጥበት ፍተሻው ወደ ፕሮፖዛሉ ይመለስ

ሰላም ባልደረቦች፣

በሥራ ቦታ አየር ውስጥ ያለውን ቶሉይን (የሚተን ኬሚካል ነው) ከሰል በያዘ ትንሽ ቱቦ የምንለካበትን ዘዴ ለመፈተሽ የተዘጋጀውን የፕሮፖዛል ረቂቅ አንብቤዋለሁ። ዓላማውም የሥራ ክፍፍሉም ያስማማኛል። ቅር ያለኝ ወጪ ለመቀነስ ተብሎ የእርጥበት ፍተሻው፣ ማለትም ቱቦው በእርጥብ አየር ውስጥም በትክክል መሥራቱን ማየቱ፣ መሰረዙ ነው። እባካችሁ እንመልሰው።

አሁን የቀረው ፍተሻ፣ መጠኑ የታወቀ ቶሉይን በመርፌ ከሰሉ ላይ ጠብ አድርጎ፣ በካርቦን ዳይሰልፋይድ (ኬሚካሉን ከከሰሉ በሚያላቅቅ ፈሳሽ) አጥቦ፣ ስንቱ ተመልሶ እንደወጣ ማየት ነው። ይሄ የግድ ያስፈልጋል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም ናዮሽም ቢያንስ 75 በመቶው እንዲመለስ ይጠይቃል። ግን ቱቦው አየር ሲስብ ምን እንደሚሆን አይነግረንም። ሠራተኛው ኮሌታ ላይ የተሰካው ቱቦ ለሰዓታት አየር የሚስበው ከነእርጥበቱ ነው። የውሃ ተን ከሰሉ ላይ ቦታ ይሻማል። ቦታ ያጣው ኬሚካል የፊተኛውን 100 ሚሊግራም ከሰል አልፎ ወደ ኋለኛው 50 ሚሊግራም ይሻገራል። ሲብስ ጭራሽ ከቱቦው ይወጣል። ያመለጠውን ማንም አይቆጥረውም። ሪፖርቱ "ከገደብ በታች" ይላል፤ ሰውየው ግን ሲተነፍሰው ውሏል።

ስለዚህ ከተጋላጭነት ገደቡ (ሠራተኛ በሚተነፍሰው አየር ውስጥ ከሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን) 0.1 እስከ 2 እጥፍ የሆነ ቶሉይን ያለበት አየር ይዘጋጅ። እርጥበቱ 80 በመቶ ይሁን። የፊትና የኋላው ከሰል ለየብቻ ይመርመር። የኋላው ከፊተኛው 10 በመቶ ካለፈ ኬሚካል አምልጧል ብለን እንያዘው።

በረቂቁ ውስጥ፣ በቱቦው አየር የሚስበው ፓምፕ ፍሰቱ ከናሙናው በፊትና በኋላ ይለካ የሚለው ጥሩ ነው። "ቱቦው እንደተሰካ" የሚል ይጨመርበት፤ ከሰሉ የአየሩን ፍሰት ስለሚይዘው ባዶ ፓምፕ መለካት ያሳስታል።

ከላቦራቶሪ ቡድኑ የተሰጠ መልስ፦

በሐሳቡ እንስማማለን። ችግሩ እርጥብ አየር ማዘጋጃውን እያንዳንዱ ላቦራቶሪ መግዛት አይችልም።

መልስ፦

እያንዳንዱ መግዛት የለበትም። ማዘጋጃው ያለው ላቦራቶሪ ቱቦዎቹን ይሙላና ለሌሎቻችን ይላክ። ስንት እንደሞላ ግን አይንገረን። እንዲያውም ይሄ ይሻላል፤ መልሱን እያወቀ የሚለካ ሰው ሳያስበው ወደ መልሱ ያዘነብላል። ከቱቦዎቹ ከፊሉ እስከ 30 ቀን ተቀምጠው ይመርመሩ፣ በማከማቸት የሚጠፋውንም እናያለን።

ከተስማማችሁ አንቀጽ 4 እንዲህ ይጻፍ፦ "ዘዴው ተቀባይነት የሚያገኘው ከውጤቶቹ 95 በመቶው ከእውነተኛው መጠን በ25 በመቶ ክልል ውስጥ ሲውሉ ነው፤ በደረቅ አየርም በእርጥብ አየርም።"

ቱቦ ለመሙላት ፈቃደኛ የሆነ ላቦራቶሪ እዚሁ ያሳውቀን፤ የበጀት ሠንጠረዡን በዚያ ልክ አስተካክላለሁ።