የሳይካትሪ ነርስ ነኝ፣ ከደሴ፤ እንግሊዝ ከታዳጊዎች ጋር መሥራት ምን ይመስላል?

ከደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ተምሬ የምሠራውም እዚሁ ወሎ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሳይኮሲስ (የሌለ ድምፅ መስማት፣ ከእውነታ የራቀ ነገር ማመን) ገና ሲጀምራቸው ታዳጊዎችን የሚከታተል ራሱን የቻለ ቡድን አለ ሲባል ሰማሁ። እኛ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ ብዙ ቦታ ዞረው፣ ሰው ሁሉ ከደከመው በኋላ ነው። ሥራው እንዴት ነው? እንደኔ ላለ ሰውስ በሩ ክፍት ነው? ደሞ አንድ ደላላ በቴሌግራም «ትንሽ ብር አስይዢ፣ ቪዛሽን እጨርሳለሁ» እያለኝ ነው።

ከበርሚንግሃም፦
እህቴ፣ የደላላውን ነገር ላስቀድም። አምስት ሳንቲም እንዳትሰጪው። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያ እጥረት አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የእንግሊዝ መንግሥት መመሪያ ደግሞ ከእነዚህ አገሮች ሄዶ መመልመልን ይከለክላል። አንቺ ግን ማስታወቂያ አይተሽ በቀጥታ ብታመለክቺ የሚከለክልሽ የለም። ሥራ አገኝልሻለሁ ብሎ ከአመልካች ገንዘብ መቀበልም እዚህ ክልክል ነው።

ወረቀቱ ረጅም ነው። የነርሶች ምዝገባ በየዘርፉ ስለሆነ የአእምሮ ጤና ነርስ የራሱ መዝገብ አለው፤ የሳይካትሪ ትምህርትሽ እዚህ ጋ ይጠቅምሻል። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናውን በአይኢኤልቲኤስ የምትወስጂ ከሆነ በንባብ፣ በማዳመጥና በመናገር 7፣ በጽሑፍ 6.5 ያስፈልጋል። ከዚያ የኮምፒውተር ፈተና፣ በመጨረሻም እንግሊዝ መጥተሽ የተግባር ፈተና አለ።

አሁን ወደ ሥራው። ዋርድ እንዳታስቢ። ጋውን የለም። ውሎሽ ሰው ቤት፣ ትምህርት ቤትና መኪና ውስጥ ነው። መኪና ስል በመንገዱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ቢሮ ፊት ለፊት ተቀምጦ አንድ ቃል ያልተነፈሰ ልጅ፣ አጠገብሽ ተቀምጦ መንገዱን እያየ የሆዱን ያወራሻል። ቡድኖቹ ከ14 ዓመት ጀምሮ ይቀበላሉ፤ ክትትሉ ባብዛኛው 3 ዓመት ነው። አንድ ሠራተኛ 15 ሰው ገደማ ይያዝ ይባላል። ይባላል ነው እንግዲህ፤ እኔ ከዚያ በላይ የያዝኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ፣ ሪፈር በተጻፈ በ2 ሳምንት ውስጥ ሕክምናው መጀመር አለበት የሚል መለኪያ ወጥቷል። ጥድፊያው ምክንያት አለው። ሳይኮሲስ ሳይታከም በቆየ ቁጥር ማገገሙ ይከብዳል። ልጁም በዚያው መካከል ትምህርቱን ያቋርጣል፣ ጓደኞቹ ይርቁታል፤ ድምፁ በመድኃኒት ጸጥ ቢል እንኳ የሚመለስበት ሕይወት አይጠብቀውም። ይህን ሐሳብ ወደ አገልግሎት በመቀየር ቀደምት ከሚባሉት ውስጥ አንዱ የሳይካትሪ ሐኪሙ ፓትሪክ ማክጎሪ ነው፤ እሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ውስጥ ኤፒክ የተባለውን ማዕከል ከፍተዋል።

መድኃኒቱን ታውቂዋለሽ፤ ልዩነቱ አሰጣጡ ላይ ነው። በትንሹ ተጀምሮ ቀስ ተብሎ ይጨመራል። ክብደት፣ የደም ስኳርና ስብ በየጊዜው ይለካል። ኦላንዛፒን የተባለው የሳይኮሲስ መድኃኒት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያወፍራል፤ የ16 ዓመት ልጅ ሱሪው ሲጠበው ኪኒኑን ሽንት ቤት ነው የሚደፋው። ሚዛን መያዝ ያስንቀኛል የሚል ነርስ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከኪኒኑ ጎን የንግግር ሕክምና አለ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተከታታይ ውይይት አለ፣ ወደ ትምህርት ወይም ወደ ሥራ የሚመልስ ሰው አለ። እኔን ከጠየቅሽኝ ለውጥ የሚያመጣው የቤተሰቡ ውይይት ነው። በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰውም እሱ ነው፤ ይህ ያናድደኛል።

የወሎ ልጅ መሆንሽ የሚጠቅምሽ እዚህ ጋ ነው። አንድ ቤት ገብተሽ አያትየው ቁርዓን ሲያነቡ፣ የእናት ወገን ደግሞ ጸበል ይዞ ሲመጣ አትደነግጪም፤ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አድገናል። አንዲት እናት «ጂን ነው የያዘው» ስትል እዚህ ያደገ ባልደረባሽ እሷንም በሽተኛ አድርጎ ሊጽፋት ይችላል። አንቺ ግን ጥያቄው ሌላ መሆኑን ታውቂያለሽ፦ ልጁ የሚያምነውን ነገር ቤቱ ሁሉ አብሮት ያምነዋል ወይስ እሱ ብቻውን ነው? ዘመድ አዝማዱም ጎረቤቱም «ይሄስ የኛ አይደለም» ካለ፣ ነገሩን ጠበቅ አድርገሽ ያዢው። እኔ ጸበሉንም ዱዓውንም ተዉ ብዬ አላውቅም። ኪኒኑን አታቋርጡ ነው የምለው። ረመዳንና ጾም ሲመጣ ደግሞ የመዋጫውን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ወደ ማታ እናዞራለን።

ከሊድስ፦
ወንድሜ፣ ወላጆች የሚፈሩትን አልነካኸውም። «ልጄን ይወስዱብኛል» ይላሉ። ደግሞ ከሐበሻ አስተርጓሚ ፊት ማውራት ማለት ለማኅበሩ ሁሉ ማውራት ነው የሚል አለ።

ከበርሚንግሃም፦
እውነት ነው። ልጅ ስለታመመ ብቻ ማንም አይወስደውም። አስተርጓሚውን በተመለከተ፣ ከሌላ ከተማ በስልክ ይሁንልኝ፣ ስሜም አይጠራ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። አስተርጓሚ ነጻ ነው። ታናሽ እህቱ ታስተርጉም የሚል ሠራተኛ ካለ እምቢ በሉ፤ እሷም ልጅ ናት። ሌላው ወላጅን የሚያስከፋው 16 ዓመት የሞላው ልጅ ለሕክምናው ራሱ መፍቀድ መቻሉ ነው። አባት «በኔ ልጅ እኔ አልጠየቅም?» ብሎ ይነሳል። እዚህ ጋ ሕጉን አንብበሽለት ከወጣሽ ቤተሰቡን አጣሽው። ቡናው እስኪወርድ ተቀመጪ፣ ይናገር። ልጁም አብዛኛውን ጊዜ አባቱ እንዲያውቅ ይፈልጋል፤ ቀድሞ እሱ መጠየቁን ነው የሚወደው።

ከደሴ፦
አላህ ይስጥልኝ፣ ብዙ ጥያቄ መለስክልኝ። እኛ ጋ ከጦርነቱ ወዲህ ሌሊት ተኩስ ይሰማኛል የሚሉ ልጆች አሉ። እነዚህን እዚያ እንዴት ትለያላችሁ?

ከበርሚንግሃም፦
አብሽሪ። በጦርነቱ ያየው የሚደጋገምበት ልጅ ብዙ ጊዜ ነገሩ ያለፈ መሆኑን ያውቃል፤ ድምፁም የሆነ ነገር ተከትሎ ነው የሚመጣው፣ በር ሲዘጋ፣ መኪና ሲያጓራ። ሳይኮሲስ ሲሆን ድምፁ ያናግረዋል፣ ወይም በእሱ ላይ ሌሎች ሲዶልቱ ይሰማል። ሁለቱ አንድ ልጅ ላይ ሊገናኙ ስለሚችሉ ግን በአንድ ቀን አትወስኚ። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን ልምድሽን አንሺው፤ እዚህ ብዙ ሰው የለውም። መንጃ ፈቃድ ከሌለሽም ከአሁኑ አውጪ። ያገርሽ መንጃ ፈቃድ እዚህ የሚያስነዳሽ 12 ወር ነው፤ ከዚያ እንደ አዲስ ትፈተኛለሽ።