የዘንድሮው ውድድር አለቀ፤ ደብተሬን እንዴት ልገምግም?

ገላን_ዳርቻ
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም በኩል ያለን ዓሣ አጥማጆች ከመስከረም ጀምሮ ስንወዳደር ቆይተን ክረምቱ ሳይገባ ዘግተናል። ደንባችን የተለመደው ነው፤ ቦታ በዕጣ፣ በአንድ ምድብ 6 ሰው፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት፣ ከዚያ ሚዛን። የምድብ አንደኛ 1 ነጥብ ያገኛል፣ መጨረሻው 6። በድምሩ ነጥቡ ያነሰው ያሸንፋል። ሁለት መጥፎ ውጤት ይሰረዛል።

ግራ የገባኝ ነገር፦ ጠቅላላ ኪሎዬ ከአምናው ይበልጣል፣ ደረጃዬ ግን ወርዷል። ደብተሬ ላይ ያለው ቀን፣ የቦታ ቁጥር፣ ኪሎና መንጠቆ ላይ የሰካሁት ብቻ ነው። የሌሎቹ ኪሎ በቴሌግራም ቡድናችን ፎቶው ተቀምጧል። ዕጣው ነው የጎዳኝ ወይስ እኔው ነኝ? በምን ልለየው? ለመጪው ዓመትስ ምን ልመዝግብ? ከዓሣው ቆሮሶ (ቲላፒያ)፣ ካርፕ፣ አምባዛ (ካትፊሽ) ሁሉም ይቆጠራል።

መንጠቆ12
ፎቶዎቹ ካሉህ ግማሹ ሥራ አልቋል። ኪሎህን ከአምናው ኪሎህ ጋር አታወዳድር፤ ውሃው ጥሩ የዋለበት ዓመት ሁሉንም ሰው ያሳድጋል። ማወዳደር ያለብህ በዚያው ቀን በዚያው ምድብ ከተቀመጡት አምስት ሰዎች ጋር ነው።

ለእያንዳንዱ ውድድር የምድቡን ስድስት ኪሎዎች ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድር። አማካይ አትውሰድ። ለምሳሌ 2.1፣ 2.6፣ 2.9፣ 3.1፣ 3.4፣ 8.2 ቢሆን፣ አማካዩ 3.7 ይመጣል። 3.4 ያመጣው ሰው ከአማካይ በታች ይመስላል፣ በእርግጥ ግን ሁለተኛ ነው። አንድ ትልቅ ካርፕ ነው ሒሳቡን ያበላሸው። ስለዚህ መሐል ላይ ያሉትን ሁለቱን (2.9 እና 3.1) ደምረህ ለሁለት ክፈል፣ 3.0 ይሆናል። 3.4ን ለ3.0 ስታካፍል 113 በመቶ። በሌላ ቀን 6.5 አምጥተህ የምድቡ መሐል 9 ከሆነ ውጤትህ 72 በመቶ ነው፤ ኪሎው ትልቅ ቢሆንም የከፋው ያኛው ቀን ነው። ኪሎህ ጨምሮ ደረጃህ የወረደበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው የሚገኘው።

ዕጣን ለመለየት ሁለት ነገር ከጎኑ ጻፍ። አንደኛ፣ ቦታህ የምድቡ ጫፍ ነበር ወይ? ጫፍ ላይ የተቀመጠ በአንድ ጎኑ ጎረቤት ስለሌለው ዓሣውን የሚሻማው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ግራና ቀኝ ጎረቤቶችህ ምን አመጡ? ሁለቱም ከምድቡ መሐል በታች ከሆኑና አንተም ከታች ከሆንክ፣ ቦታው ነው። ጎረቤቶችህ 120 እና 130 በመቶ ላይ ሆነው አንተ 70 ላይ ከሆንክ ግን ዕጣ አታማርር።

አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ የምትወዳደሩ ከሆነ ይህንን በጥንቃቄ ያዘው፤ እንቦጩን ነፋስ ስለሚነዳው ያለፈው ጊዜ ክፍት የነበረ ቁጥር ዛሬ ተዘግቶ ይገኛል። የቦታ ቁጥር ታሪክ እዚያ ብዙም አይረዳም። (የዚያን ውሃ ዓሣ መዝናችሁ መልሱት። በአቃቂ ወንዞች የከተማው ፍሳሽና የፋብሪካ ቆሻሻ የሚገባበት ነው፣ ለምግብ አይሆንም።)

የቆርኪ_ቡሽ
ጋሽ መንጠቆ ያሉት ትክክል ነው፤ ግን የት እንደተሸነፍክ እንጂ ለምን እንደሆነ አይነግርህም። ለምኑ የሚገኘው በግማሽ ሰዓት ክፍፍል ነው።

አምስት ሰዓት ማለት አሥር ግማሽ ሰዓት ነው። በእያንዳንዱ ስንት ዓሣ ገባ? ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም፤ የሚጫን መቁጠሪያ ከሌለህ ኪስህ ውስጥ ባቄላ አድርገህ ዓሣ በገባ ቁጥር አንድ ወደ ጣሳ ጣል፣ ስልክህ በየ30 ደቂቃው ሲንቀጠቀጥ ቆጥረህ ጻፍ። እንዲህ ያለ መስመር ታገኛለህ፦ 1፣ 2፣ 5፣ 6፣ 6፣ 4፣ 2፣ 1፣ 3፣ 4። ድምሩ 34፣ በአማካይ 150 ግራም ቢሆን 5.1 ኪሎ። ጥያቄው 34 ለምን 50 አልሆነም አይደለም፤ ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ምን ተፈጠረ ነው። ነፋስ ተነሥቶ ቡሹን (ክሩ ላይ የሚንሳፈፈውን) እየጎተተው ነበር? በዚያ ሰዓት ዓሣ ለመሳብ ትልቅ ኳስ መኖ ወርውረሃል? ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አንተ ታች ቀርተሃል? ከሚዛን በኋላ ጎረቤትን «በስንት ሰዓት ነው የያዝከው? ስንት ሜትር ላይ?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም ዕቃ የበለጠ ያስተምራል። ብዙዎች ይናገራሉ፤ በተለይ ያሸነፉ እንደሆነ።

ሌላው የእጅ ፍጥነት ነው። መንጠቆ ለመንቀል፣ ለመሰካትና መልሶ ለመጣል 40 ሴኮንድ የሚፈጅበትና 20 የሚበቃው ሰው በ34 ዓሣ ላይ ከ11 ደቂቃ በላይ ይለያያሉ። ዓሣ በደንብ በሚበላበት ሰዓት (በግማሽ ሰዓት 6) ይህ ሁለት ዓሣ ነው፣ 300 ግራም። ከላይ በተጻፈው ምሳሌ 3.1ን ከ3.4 የለየው ይኸው ነው፤ አንድ ሙሉ ነጥብ። መድኃኒቱ የመንጠቆ መንቀያውን በገመድ አንገት ላይ ማሰር፣ የትሉን ዕቃ በጉልበት ከፍታ ከቀኝ ማስቀመጥ፣ ማቆያ መረቡን (የተያዘው ዓሣ እስከ ሚዛን የሚቆይበትን) ሳይነሡ እጅ በሚደርስበት መትከል ነው።

አሁን ያመለጡትን። «አምስት አመለጠኝ» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። የት አመለጠ የሚለውን ጻፍ፤ አራት ዓይነት ነው።

ገና ስትስብ ባዶ ከሆነ፦ ሊጡ ደርቆ የመንጠቆውን ጫፍ ሸፍኖታል፣ ወይም ክሩ ላይ ያለው የእርሳስ ክብደት አንሶ ቡሹ ከውሃ በላይ ቆሟል፤ ቆሮሶው ክብደቱን ሲሰማ ይተፋል። ከቡሹ የሚታየው ጫፍ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። መንጠቆው ራሱ ከደነዘዘም ያው ነው፤ በአውራ ጣት ጥፍርህ ላይ በቀስታ ጎትተው፣ ከተንሸራተተ ጣለው፣ ከቧጠጠ ደኅና ነው። ለቆሮሶ ትንሽ አፍ ከ10 እስከ 14 ቁጥር በቂ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ አትርሳ። አምባዛ ሲመጣ ግን ይኸው መንጠቆ ይቀናል፣ ወደ 2 ቁጥር መውረድ አለብህ።

መሐል መንገድ ላይ ከጠፋ፦ ክሩ ላልቷል።

ማውጫ መረብ አፍ ላይ ከጠፋ፦ ዓሣውን በመረብ አሳደኸዋል። መረቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠብቅ፣ ዓሣው በላዩ ይሳብ።

ክር ከተበጠሰ፦ ጫፉን አንሥተህ በብርሃን እየው። እንደ አሳማ ጭራ ከተጠቀለለ የተበጠሰ ሳይሆን ቋጠሮው ሸርተት ብሎ የተፈታ ነው፤ ከማጥበቅህ በፊት በምራቅ አላራስከውም። ሻካራና ነጭ ሆኖ ከተገኘ ድንጋይ ፈግፍጎታል፤ የቢሾፍቱ ሐይቆች ዳርቻ ጥቁር ድንጋይ እንደ ሞረድ ነው። ለዚህ ነው የመንጠቆው ክር (0.14 ወይም 0.16 ሚሊ ሜትር) ከዋናው (0.20) የሚቀጥነው፤ ሲበጠስ እዚያ ጋ ይበጠስ፣ ቡሽህን አይውሰድብህ።

ፋጉሎ_ሻጭ
የመኖው መዝገብ ካልተያዘ ሁሉም ግማሽ ነው። «ፋጉሎና ፉርሽካ» ብሎ መጻፍ ምንም አይደለም፤ ስንት፣ በስንት ውሃ፣ መቼ የሚለው ነው።

መነሻ የሚሆን፦ የደቀቀ የኑግ ፋጉሎ 1 ኪሎ፣ ፉርሽካ 700 ግራም፣ የበቆሎ ዱቄት 300 ግራም። ውሃ በአንድ ጊዜ አይፈስም። መጀመሪያ ግማሽ ሊትር ጨምረህ አሽ፣ 20 ደቂቃ ተወው፤ ፋጉሎ ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው። ከዚያ በጣት እየረጨህ ጨምር፣ በወንፊት አሳልፍ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ አንድ ጊዜ ጨብጠህ ኳስ ይሆናል፣ በአውራ ጣት ስትጫነው ይፈረካከሳል። እጅህ ላይ ከተጣበቀ ውሃ በዝቷል፣ ታች ወርዶ ሊጥ ሆኖ ይቀመጣል። ፉርሽካው ከበዛ ደግሞ ግማሹ ላይ ይንሳፈፍና ነፋሱ ወደ ጎረቤት ያደርሰዋል፤ ዓሣውም አብሮ ይሄዳል። ለሌላ ሰው መኖ መግዛት ይሉታል።

ሚዛን ላይ የሚያስቀጣው ግን ብዛቱ ነው። ሞቃት ቀን መነሻ ላይ የብርቱካን መጠን ያላቸው አምስት ስድስት ኳስ፣ ከዚያ በየ20 ደቂቃው የሎሚ መጠን ያለው አንድ ይበቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ይህንኑ ብታደርግ ዓሣው ሳይበላ መኖው ታች ይከመራል። ሁለት ኳስ ጣልና ጠብቅ። በደብተሩ ላይ ከያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ዓሣ ቁጥር አጠገብ የጣልከውን ኳስ ቁጥር ጻፍ። የዓሣው ቁጥር ኳስ መጣል ካቆምክ በኋላ ከፍ ካለ መልሱ በእጅህ ነው።

ሰበታ_በር
በሁሉም እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ያሰጋኛል። በአንድ ዓመት ውስጥ የሚደረገው ውድድር ጥቂት ነው። በሁለት ቀን ትል ከበቆሎ ስለበለጠ «ትል ይሻላል» ብሎ መደምደም አይቻልም፤ በዚያ ቀን የተለወጠው ትሉ ብቻ አልነበረም። ማባበያን ማወዳደር ከፈለግህ በልምምድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በየግማሽ ሰዓቱ እያቀያየርክ አድርገው።

ሁላችሁም የዘለላችሁት ደግሞ የውሃ ሙቀት ነው። ቴርሞሜትር በክር አስረህ ዓሣውን በምታጠምድበት ጥልቀት አውርድ፣ ሦስት ደቂቃ ቆይ፣ አንብብ። ቆሮሶ ከ20 ዲግሪ በታች ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ወደ 16 ሲጠጋ መብላቱን ያቆማል ማለት ይቻላል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የነበረውን ባዶነት በራስህ ላይ አታሳብ፤ ሁሉም ሰው ባዶ ነበር። ሴቷ ቆሮሶ ዕንቁላሉንና ጫጩቶቹን በአፏ ስትይዝ አትበላም፤ በእርባታ ወቅት ወንዶች ብቻ ከተያዙ ይህ ሊሆን ይችላል። አንዲቱን አንሥተህ አፏን ሳትከፍት ጉሮሮዋን ብታይ አብጦ ታገኘዋለህ፤ ቶሎ መልሳት።

በቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ተጨማሪ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ቅዝቃዜ ላይኛው ውሃ ከብዶ ሲወርድ ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውሃ ወደ ላይ ይቀላቀላል፤ አንዳንዴ ዓሣ እስኪሞት ያደርሳል። በዚያ ሰሞን ታች የሚያጠምድ ሰው ጥሩ አጥማጅ ቢሆንም አይቀናውም። መመዝገብ ያለበት ጥልቀት ነው፦ ስንት ሜትር ውሃ፣ መንጠቆው ከታች በስንት ሳንቲ ሜትር።

ገላን_ዳርቻ
ብዙ ተማርኩ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመንጠቆ12ን ሒሳብ ጀምሬዋለሁ። ሁለት ጥያቄ፦ አምባዛ የገባበትን ቀን እንዴት ልቁጠረው? አንድ አምባዛ 3 ኪሎ ነው፣ ሁሉን ያዛባል። የተሰረዙትን ሁለት ውጤቶችስ ከግምገማው ላውጣቸው?

መንጠቆ12
አምባዛውን በሁለት መንገድ ጻፍ። ነጥቡ ከነአምባዛው ይቆያል፣ ደንቡ ነውና። ለግምገማ ግን ያለ አምባዛው ሁለተኛ ዓምድ አውጣ። በዚያ ዓምድ ላይ ሁልጊዜ ከ100 በታች ከሆንክ አምባዛው ነው ደረጃህን የያዘልህ፣ ሳይመጣ የቀረ ዕለት ትወድቃለህ። ደግሞ በማቆያ መረብ ከቆሮሶ ጋር አትቀላቅለው፣ ለብቻው ይሁን፤ የጎን እሾሁ መረቡን ይበሳል፣ ሲፈራገጥም የሌላውን ቅርፊት ያረግፋል። ዳኞች ሞቶ የተገኘ ዓሣ የማይመዝኑ ከሆነ ኪሎ ታጣለህ።

የተሰረዙትን አታውጣ። ለነጥብ ነው የተሰረዙት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠህ ነፋስ፣ ሙቀት፣ ጥልቀት፣ የመጀመሪያ ኳሶች ብዛት አንድ የሚጋሩት ነገር እንዳለ እይ። ሙቀትና ኳስ ዘንድሮ ስላልጻፍክ የቡድኑን ፎቶዎች ሰዓት ተመልከት፤ ሰማዩና የውሃው ገጽ ይታያል፣ ደመና ነበር አልነበረም፣ ማዕበል ነበር አልነበረም የሚለውን ከዚያ ታወጣለህ።