የእናቴ ኮሌስትሮል በጣም ዝቅ ብሏል፤ ያሰጋል?

የሽምብጥ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። እናቴ ስልሳ ዓመት አልፏታል። ሰሞኑን አንድ የግል ክሊኒክ ወስጄ አጠቃላይ ምርመራ አሠራኋት። ስኳሯም ግፊቷም ደህና ነው። ኮሌስትሮሏ ግን ጠቅላላው 98፣ ኤልዲኤል የሚሉት «መጥፎው» ኮሌስትሮል 36 ሆነ። ወረቀቱን የሰጠን ልጅ «እሰይ! ይሄን ውጤት ስንቱ ይመኘዋል» ብሎ ሸኘን። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። የኮሌስትሮል መድኃኒት ወስዳ አታውቅም። ጾም አጥባቂ ናት፣ ግን ድሮም ትጾም ነበር፤ ያኔ ቀሚሷ እንዲህ አልሰፋባትም። ደግሞ እንጀራዋን ጥርግ አድርጋ ነው የምትበላው። ጎረቤት «ቅቤ ይብዛላት» ይላል። ዝቅ ማለቱ ራሱ ይጎዳል? ቅቤውስ ይረዳታል?

የፋሲሎዋ ነርስ፦
እህቴ፣ ዝም ብለሽ አለማለፍሽ ጥሩ ነው። ኮሌስትሮል ሰውነት የሚፈልገው ነገር ነው። ሐሞት፣ ቫይታሚን ዲ፣ የወንድና የሴት ሆርሞን የሚሠሩት ከእሱ ነው። አብዛኛውን የሚያመርተው ራሱ ጉበት ነው።

ብዙ ሐኪሞች ጠቅላላው ከ120፣ ኤልዲኤሉ ከ50 ሲወርድ ዝቅተኛ ይሉታል። ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሳው አንዱ ስጋት የአንጎል ደም መፍሰስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት፣ ኤልዲኤላቸው ከ70 በታች የሆኑት ከ100 እስከ 130 ካላቸው ይልቅ በዚህ ዓይነቱ ስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው በእጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ግን የታመሙት ጥቂት ናቸው፣ ስለዚህ አትደንግጪ። ዋናው ግፊታቸውን መከታተል ነው። ከድብርት ጋርም ይያያዛል ይባላል፤ የትኛው የትኛውን እንደሚያመጣ ግን አልተለየም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኮሌስትሮል ወርዶ ሰውዬው እየበላ ከከሳ፣ ከሥር የሚያወርደው ነገር ይኖራል። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት፣ የጉበት ሕመም፣ ምግብ አንጀት ውስጥ በደንብ አለመመጠጥ፣ የቆየ ኢንፌክሽን፣ አንዳንዴም ካንሰር። ቅቤ ከእነዚህ አንዱንም አያድንም። እናትሽ እንቅርት አለባቸው? ልባቸው በኃይል ይመታል? ሙቀት ያስቸግራቸዋል?

ዓባይ ማዶ፦
አባቴ ድንገተኛ የልብ ሕመም ከመታው ወዲህ ኮሌስትሮል የሚያወርደውን አቶርቫስታቲን ይወስዳል፣ ኤልዲኤሉ 45 ነው። እኛም ፈርተን ነበር። ሐኪሙ «እንዲህ እንዲወርድ ነው የሰጠሁት» አለን። መድኃኒት ያወረደውና ሳይታሰብ የወረደው አንድ አይደለም። ይሄን ውይይት አንብባችሁ መድኃኒት እንዳታቋርጡ፣ አደራ!

የጎርጎራው፦
ነርሷ ጉበት ያለችውን ልደግፍ። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ጣና ላይ ቆሮሶ ሲያጠምድ የኖረ ሰው ነው። ሆዱ ሲነፋ በሰገራ ምርመራ ቢልሃርዝያ ተገኘበት፣ ጉበቱን ጎድቶት ነበር። የእሱም ኮሌስትሮል ወርዶ ነበር። እናትሽ ሐይቁ ዳር ልብስ ሲያጥቡ ወይም ውኃ ሲቀዱ ከኖሩ ይሄንንም አሳዩ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ ውድ አይደለም።

የሽምብጥ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነርሷ የጠየቅሽው ሁሉ አለ! እንቅርቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ያለ ስለሆነ ማናችንም ነገሬ አላልነውም። ትናንት ቡና ስትቀዳ እጇን አየሁት። ጀበናው ይንቀጠቀጣል፣ ቡናው ከሲኒው አልፎ ረከቦቱ ላይ ይፈስሳል። ሌሊት ደግሞ ጋቢዋን ገፍፋ በሩን ከፍታ ትቀመጣለች። እኛ «የባሕር ዳር ሙቀት ነው» እያልን።

ዛሬ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ቲኤስኤች የሚባለው፣ ታይሮይዱን የሚያዘው ሆርሞን፣ በጣም ወርዷል፣ የታይሮይድ ሆርሞኗ ከፍ ብሏል። የሰገራውና የጉበቱ ምርመራ ንጹሕ ነው። ታይሮይዱን የሚያበርደውን ፒቲዩ እና የልብ ምቱንና መንቀጥቀጡን የሚያረጋጋውን ፕሮፕራኖሎል አዘዘላት። ታይሮይዱ ሲስተካከል ኮሌስትሮሉም ወደ ቦታው ይመለሳል ብሎናል። ቅቤው ቀርቷል።

የፋሲሎዋ ነርስ፦
እግዚአብሔር ይማርልን! አንድ ነገር ብቻ። ፒቲዩ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን ያወርዳል። ትኩሳት ከጉሮሮ ሕመም ጋር ከመጣባቸው «ብርድ ነው» ብላችሁ እንዳታሳድሩ። ክኒኑን አቁማችሁ በዚያው ቀን ደማቸውን አስቆጥሩ። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነም እንደዚያው። ፕሮፕራኖሎሉን ግን በራሳችሁ በአንዴ አታቁሙ። አስም ካለባቸው ደግሞ ለሐኪሙ ዛሬውኑ ንገሩት።